ሪቻርድ ራውንድትሪና ኢትዮጵያ፦ የአንድ ተዋናይ የሃምሳ ዓመት ጎዳናና የእኛ ያልተከፈለ ዕዳ

መግቢያ

ሪቻርድ ራውንድትሪ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የፊልም ተዋናይ ጥቅምት 13 ቀን 2016 ዓ.ም. (ኦክቶበር 24 ቀን 2023) በሎስ አንጀለስ፥ በመኖሪያ ቤቱ፥ በቆሽት ካንሰር ሕመም በ81 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ። ዜና ዕረፍቱን ያሰሙት ጋዜጦችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሟቹን ያስታወሱት በአንድ ስም ነው፤ ያም እርሱ በ1971 በታየው ፊልም የተጫወተው የግል መርማሪ፥ የጆን ሻፍት ስም ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ በመድረክ፥ በሲኒማና በቴሌቪዥን የደከመ ሰው ሥራው ሁሉ ተጠቅልሎ በወጣትነቱ በለበሰው አንድ የቆዳ ካፖርት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ስለ ኢትዮጵያ ጉዳይ በሚጽፍ መጽሔት ላይ የአንድ የሆሊውድ ተዋናይ ሕይወት ምን ቦታ አለው? የሚል አንባቢ እንደሚኖር ይህ ጸሐፊ አይጠራጠርም። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፥ ራውንድትሪ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይ ወደ አገራችን መጥቶ፥ ከእኛ ተዋንያን ጋር ቆሞ፥ “ሻፍት በአፍሪካ” የተባለውን ፊልም ሠርቷል። ሁለተኛ፥ እርሱን ለዓለም ያስተዋወቀው የፊልም አዘጋጅ ጎርደን ፓርክስ ያደገው፥ የተራበውና ሙያውን የጀመረው ዛሬ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን በስደት በሚኖሩባቸው በእነዚሁ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መንትያ ከተሞች ነው። ይህ ጸሐፊም ኑሮው እዚሁ ስለ ሆነ፥ ነገሩን ከሩቅ እንደሚያወራ እንግዳ ሊያየው አልተቻለውም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፥ የአንድ ተዋናይ ክብር በታወቀበት በአንዱ ሥራው ብቻ ሊለካ እንደማይገባው፥ ከሥራዎቹም መካከል ሐያስያን እጅግ ያቃለሉት፥ ማለትም በኢትዮጵያ የተሠራው ፊልም፥ እኛ ምሁራን ዘግይተን የተረዳነውን አንድ ታላቅ ጉዳይ ቀድሞ ያነሣ መሆኑን ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ከኒው ሮሼል እስከ መድረክ

ራውንድትሪ ጁላይ 9 ቀን 1942 ኒው ሮሼል በተባለች፥ ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን በምትገኝ ከተማ ተወለደ። በ1961 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ፥ በአሜሪካ እግር ኳስ ችሎታው የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ሳውዘርን ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ ነገር ግን ትምህርቱን ሳይፈጽም በ1963 አቋረጠ። ቀጥሎም ኤቦኒ የተባለው የጥቁሮች መጽሔት በየከተማው በሚያዞረው የፋሽን ትርዒት ላይ ልብስ በማሳየት መሥራት ጀመረ።

ብዙዎች ከመልኩ በቀር ምንም ሳይኖረው ወደ ፊልም የገባ አድርገው ይቈጥሩታል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። በ1967 በኒው ዮርክ የተመሠረተውና የጥቁር ደራስያንንና ተዋንያንን ሥራ ለማሳደግ የቆመው ኒግሮ አንሳምብል ካምፓኒ የተባለው የቴአትር ማኅበር አባል ሆኖ የመድረክን ሥራ ተምሯል። ከዚያም በፊላደልፊያ በቀረበው “ታላቁ የነጮች ተስፋ” በተባለው ተውኔት፥ በጥቁሩ የቡጢ ጀግና በጃክ ጆንሰን ሕይወት ላይ የተመሠረተውን ዋና ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል። ስለዚህ ካሜራ ፊት ሲቆም አካሄዱም ድምፁም በመድረክ የተገራ ነበር።

2. በትራም ውስጥ ያደረው ልጅ

ራውንድትሪን ለሻፍት የመረጠው ጎርደን ፓርክስ በ1912 ፎርት ስኮት በተባለች የካንሳስ ከተማ፥ ለወላጆቹ አሥራ አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆኖ ተወለደ። ገና ለአካለ መጠን ሳይደርስ እናቱ ስለ ሞተችበት ሴንት ፖል ወደምትኖረው እኅቱ ዘንድ ተላከ። ብዙም ሳይቆይ የእኅቱ ባል ተጣላውና በዚህ አገር ብርድ፥ በበረዶው ወራት፥ ከቤት አስወጣው። ልጁም መጠጊያ ስላልነበረው በሴንት ፖልና በሚኒያፖሊስ መካከል በሚመላለሰው ትራም ውስጥ ተሳፍሮ፥ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲሄድና ሲመለስ ሌሊቱን ያነጋ ነበር። ይህን ራሱ በ1966 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ጽፎታል።

አንባቢ ይህን እንደ ተራ የድህነት ወሬ እንዳያልፈው እለምናለሁ። ትራሙ በ1954 ቆመ። በ2014 ግን ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ አዲስ የከተማ ባቡር በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ተዘረጋ። ባቡሩ እስከ 2019 ሌሊቱን በሙሉ ይሠራ ስለ ነበር፥ ቤት የሌላቸው ሰዎች ልክ እንደ ጎርደን ፓርክስ እየተመላለሱ ያድሩበት ነበር። በማለዳ ወደ ሥራ የሚሄዱ የአገራችን ልጆችና ከሥራ ገብተው የሚመለሱ የሌሊት ሠራተኞች ከእነዚያ ሰዎች አጠገብ ተቀምጠዋል። የዚህ ከተማ ታሪክ፥ የመጤውና የተገፋው ሰው ታሪክ፥ ከእኛ በፊት የጀመረ መሆኑን ማወቅ ለስደተኛ ትምህርት ነው።

ፓርክስ በሴንት ፖል በአንድ የባለጸጎች ክበብ ውስጥ ሰሐን አንሺ ሆኖ ሠራ፤ በረጅም መንገድ ባቡርም ላይ አስተናጋጅ ነበር። በባቡሩ ላይ ተሳፋሪ ጥሎት በሄደ መጽሔት ውስጥ ከእርሻቸው የተፈናቀሉ ድኾችን ፎቶግራፍ አየ። ያ ሥዕል ልቡን ስለ ነካው በሲያትል ከአንድ የመያዣ ዕቃ መሸጫ በ7 ዶላር ከ50 ሳንቲም ካሜራ ገዛ። ወደ መንትያ ከተሞች ተመልሶ ፎቶግራፎቹን በጥቁሮች ጋዜጦች ላይ አወጣ፤ በሴንት ፖል የነበረ አንድ የሴቶች ልብስ መደብርም የፋሽን ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ዕድል ሰጠው። ከዚህ ተነሥቶ ነው ላይፍ የተባለው ታላቅ መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶግራፍ አንሺ ለመሆን የበቃው። በ1969 ደግሞ ለታላላቆቹ የሆሊውድ ኩባንያዎች ፊልም ያዘጋጀ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ፓርክስ በ2006 ዐረፈ፤ ሴንት ፖል ውስጥ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስሙ ይጠራል።

3. ሻፍትና ያስነሣው ክርክር

ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የተባለው ኩባንያ ኧርነስት ታይዲማን የጻፈውን ልብ ወለድ ወደ ፊልም ለማዛወር ጎርደን ፓርክስን ቀጠረ፤ ፓርክስም እስከዚያ ድረስ በፊልም የማይታወቀውን ራውንድትሪን መረጠ። የፊልሙ መክፈቻ የአዘጋጁንም የተዋናዩንም ጥበብ ባንድ ጊዜ ያሳያል። ሻፍት ከምድር ውስጥ ባቡር ደረጃ ይወጣል፤ በኒው ዮርክ ማዕከል በመኪናዎች መካከል እያቋረጠ ይራመዳል፤ ለማንም መንገድ አይለቅም፤ ከማንም ፈቃድ አይጠይቅም። እስከዚያ ዘመን በአሜሪካ ፊልም የታየው ጥቁር ሰው ወይ አገልጋይ፥ ወይ መሣቂያ፥ ወይም ደግሞ ነጮች እንዲወዱት ከሰው ሁሉ የላቀ ቅን መሆን የተፈረደበት ነበር። ራውንድትሪ አንዲት ቃል ሳይናገር፥ በአረማመዱ ብቻ፥ ይህን ልማድ አፈረሰ።

ፊልሙ ብዙ ገንዘብ አስገኘ፤ በገንዘብ ችግር ላይ ለነበረው ኩባንያም ታላቅ ድጋፍ ሆነ። የሙዚቃው ደራሲ አይዛክ ሄይስ ለፊልሙ በደረሰው ዘፈን የኦስካር ሽልማት ሲቀበል፥ በምርጥ ዘፈን ዘርፍ የተሸለመ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። በ2000 ደግሞ ፊልሙ ለትውልድ ተጠብቀው እንዲቆዩ በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ከሚገቡት ሥራዎች አንዱ ሆኖ ተመረጠ።

ወዲያው ግን ክርክር ተነሣ። ሻፍትን ተከትለው የወጡት ብዙ ፊልሞች በጥቁሮች ሰፈር የሚኖረውን ወንጀልና ሴሰኝነት ለገበያ ያቀርባሉ ተብለው ተነቀፉ፤ በ1972ም ከጥቁሮች የመብት ማኅበር ወገን የተነሣ ተቃዋሚ፥ ጥቁርነትና ብዝበዛ የሚሉትን ቃላት አጣምሮ ብላክስፕሎይቴሽን የሚል ስም አወጣላቸው። በአንጻሩ እነዚህ ፊልሞች ለብዙ ጥቁር ተዋንያን፥ ሙዚቀኞችና የካሜራ ባለሙያዎች የመጀመሪያውን እንጀራ ሰጡ። ነገሩ ላም እሳት ወለደች እንደሚባለው ነው፤ እንዳትልሰው ፈጃት፥ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። ገበያው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲዘጋ፥ የገበያው ምልክት የሆነው ራውንድትሪ ስሙ ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

4. ሻፍት በኢትዮጵያ

ሦስተኛው የሻፍት ፊልም፥ “ሻፍት በአፍሪካ”፥ በጁን 1973 ታየ። አዘጋጁ ጎርደን ፓርክስ ሳይሆን እንግሊዛዊው ጆን ጊለርሚን ነው፤ የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጀው ስተርሊንግ ሲሊፋንት ነው፤ ሥራውም ከኢትዮጵያ በተጨማሪ በአውሮፓ ተከናውኗል። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ አሚር፥ ሥራ እናስገኝላችኋለን እያለ የአፍሪካ ወጣቶችን እያታለለ ወደ ፈረንሳይ የሚወስድ የሰው ንግድ መረብ እንዲያጠፋለት ሻፍትን ይቀጥረዋል። ሻፍትም የዱላ ፍልሚያና የአገሩን ልማድ ተምሮ፥ ሥራ ፈላጊ ድኻ መስሎ ከሌሎቹ ጋር ይጓዛል፤ ፓሪስ ሲደርሱም ወጣቶቹ በጠባብ ማደሪያ ታጭቀው እንደ ዕቃ ሲቈጠሩ ያያል።

የፊልሙን ጉድለት መደበቅ አይገባም። የሚታየው አሚርና ነገዱ የፈጠራ ናቸው፤ የአገራችንን ታሪክና ልማድ ለሚያውቅ ሰው የተቀላቀለው ነገር ብዙ ነው። አሚሩን የተጫወተው የጉያና ተወላጁ ሳይ ግራንት፥ አለሜ የምትባለውን ልጁን የተጫወተችው ደግሞ አሜሪካዊቷ ቮኔታ መጊ ናት። በአንጻሩ ኢትዮጵያዊቱ ዘነበች ታደሰ የተሰጣት ሚና ስም እንኳ የሌላት የሴተኛ አዳሪ ሚና ነበር። የውጭ ካሜራ ወደ አፍሪካ ሲመጣ መልክዓ ምድሩን ይወስዳል፤ ሰዉን ግን ከኋላ ያቆማል የሚለው ወቀሳ በዚህ ፊልም ላይም ይሠራል።

ከኢትዮጵያውያኑ ተዋንያን ጐላ ያለ ስፍራ ያገኘው ዋሳ የተባለውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ደበበ እሸቱ ነው። ደበበ በሀንጋሪ የቴአትር ትምህርት የተከታተለ፥ በአገሩ መድረክ ላይ ስሙን የተከለ ባለሙያ ስለ ነበረ፥ ከአሜሪካዊው ባልደረባው ጋር የቆመው እንደ አጃቢ ሳይሆን እንደ ሙያ ጓደኛ ነው። ይኸው ሰው ከ1997ቱ ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስሮ በ1999 ዓ.ም. በይቅርታ የተፈታ፥ በ2011ም እንደገና የታሰረ መሆኑን የዚህ መጽሔት አንባቢ ያስታውሳል። በፊልም የሰው ነጋዴዎችን መረብ ታሪክ ከሻፍት ጋር የተጫወተው ተዋናይ፥ በእውነተኛው ዓለም የእስር ቤትን ደጅ ደጋግሞ አይቷል።

ጊዜውን ደግሞ እናስተውል። ፊልሙ ከመታየቱ በፊት በነበሩት ወራት በወሎ ረኃብ ገብቶ ነበር፤ ሕዝብ በመንገድ ዳር ይረግፍ ነበር፤ መንግሥትም ነገሩን ይሸፍነው ነበር። የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በብሪታንያ ቴሌቪዥን የታየው “ሻፍት በአፍሪካ” ከታየ ከአራት ወር በኋላ፥ በኦክቶበር 1973 ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የውጭ ካሜራዎች አንዲቱን አገር አዩ፤ አንደኛው ለመዝናኛ፥ ሁለተኛው ለምስክርነት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ከዚህ በኋላ የሻፍትን ፊልም ማን ሊያስታውስ? የዘመኑ ተማሪ ዓይን በሁለተኛው ካሜራ ላይ መቅረቱ የሚያስወቅስ አይደለም።

ነገር ግን ያ የመዝናኛ ፊልም ያነሣው ጉዳይ ተራ ልብ ወለድ አልነበረም። በጃንዋሪ 1970 በፓሪስ አጠገብ ኦበርቪሊዬ በተባለች ከተማ፥ ማሞቂያ በተቋረጠበት የተጨናነቀ ማደሪያ ውስጥ፥ አምስት አፍሪካውያን ሠራተኞች ለሙቀት ባነደዱት እሳት ታፍነው ሞተው ነበር። ፈረንሳይ በጁላይ 1974 ለሥራ የሚመጡ የውጭ ሰዎችን ቅበላ አቆመች። በሩ ሲዘጋ የደላላው ዋጋ ይወደዳል፤ ይህም በየዘመኑ የታየ ነው። እኛ በዚያን ጊዜ ስለ መሬት ላራሹ፥ ስለ ብሔረሰቦችና ስለ አብዮት ስንከራከር፥ አፍሪካዊ ወጣት ለደላላ ገንዘብ ከፍሎ፥ ባሕር ተሻግሮ፥ በአውሮፓ ከተማ እንደ ዕቃ እንደሚቈጠር የሚናገር ታሪክ አገራችን ውስጥ ተቀርጾ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ፥ በኦክቶበር 2013፥ በላምፔዱዛ ደሴት አጠገብ ከ360 በላይ ሰዎች፥ አብዛኞቹ ኤርትራውያን፥ በአንድ ጀልባ ሰጠሙ። በኤፕሪል 2015 ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በሊቢያ ምድር ታርደው ሥዕላቸው ለዓለም ተበተነ።

ይህ ጸሐፊ ስለ ፍልሰት ታሪክ በሚሰጠው ትምህርት ላይ አንድ ጊዜ ይህን ፊልም ለተማሪዎቹ አሳይቶ ነበር። በዚሁ አገር የተወለዱት የእኛ ልጆች በልብሱና በአነጋገሩ እየሣቁ ወጡ። በሱዳንና በሊቢያ በኩል አልፎ የመጣ አንድ ወጣት ግን ከወንበሩ አልተነሣም። ወደ እርሱ ስጠጋ፥ “ጋሼ፥ ደላላው እኮ ልክ እንደዚህ ነው የሚያናግረው፤ ይህን የጻፉት ሰዎች እኛን ያውቁን ነበር እንዴ?” አለኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔ ፊልሙን ያመጣሁት የውጭ ሰዎች አፍሪካን እንዴት እንደሚያዛቡ ለማሳየት ነበር፤ እርሱ ግን በተዛባው መካከል የራሱን መንገድ አየ። ከዚያ ቀን በኋላ ፊልሙን በንቀት ማስተማር ተውሁ።

5. ከሻፍት ወዲያ የተጓዘው

“ሻፍት በአፍሪካ” እንደ ቀደሙት ገበያ አላገኘም። በ1973ና በ1974 የቀረበው የሻፍት የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማም ገጸ ባሕርዩን አለዝቦ ካቀረበው በኋላ ከሰባት ክፍል አላለፈም። ብዙ ተዋንያን በዚህ ደረጃ ላይ ይጠፋሉ። ራውንድትሪ ግን ያገኘውን ሥራ ሁሉ፥ ትልቁንም ትንሹንም፥ ሳይንቅ እየሠራ ቀጠለ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለእኛ አንባቢ የሚጠቅመው በ1975 የታየው “ማን ፍራይዴይ” ነው። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሮቢንሰን ክሩሶን ታሪክ ያውቃል። ፊልሙ ታሪኩን ገልብጦ፥ ከባርያው ከፍራይዴይ ዓይን ያሳየዋል፤ ክሩሶን ፒተር ኦቱል፥ ፍራይዴይን ራውንድትሪ ተጫውተዋል። ነጩ ሰው ሊያስተምረው የሚሞክረው ንብረት፥ ቅጣትና ውድድር፥ ለፍራይዴይ የሞኝ ጨዋታ ሆኖ ይታየዋል። ሻፍት በቡጢ የመለሰውን መልስ ፍራይዴይ በሣቅና በጥያቄ ይመልሳል።

በ1977 በአሜሪካ ቴሌቪዥን ለስምንት ሌሊት በቀረበውና አገሩን ሁሉ ባነጋገረው “ሥሮች” በተሰኘው ድራማ፥ ሳም ቤኔት የሚባለውን ሠረገላ ነጂ ባርያ ተጫወተ። ሳም ኪዚን የሚወድ፥ ነገር ግን በጌታው ፊት የሚያጐነብስ ሰው ነው፤ እርሷም ያን አይታ ልታገባው አትፈቅድም። ከስድስት ዓመት በፊት ለማንም መንገድ የማይለቀውን ሻፍትን የተጫወተው ሰው፥ አንገቱን የደፋውን ሳምን ተጫውቶ ተመልካቹ እንዲያዝንለት እንጂ እንዲንቀው አላደረገም። የተዋናይ ጥበብ የሚፈተነው በዚህ ነው።

የቀሩት ሥራዎቹ ዝርዝር ረጅም ነው። በ1974 “የመሬት መንቀጥቀጥ” በተባለው ፊልም፥ በ1984 ከክሊንት ኢስትዉድና ከበርት ሬይኖልድስ ጋር በ“ሲቲ ሂት”፥ በ1995 በ“ሰቨን”፥ በ1996 በዘር ልዩነት ዘመን በሚሲሲፒ ስለ ኖረ የጥቁሮች መንደር በሚተርክ ፊልም፥ በ1997 ለልጆች በተሠራ ቀልድ፥ በ2005 “ብሪክ” በተባለ አነስተኛ በጀት ያለው ፊልም ተሳትፏል። ከ2013 እስከ 2019 “ቢይንግ ሜሪ ጄን” በተባለው ተከታታይ ድራማ የቤተሰብ አባት ሆኖ ታየ። በ2000ና በ2019 የሻፍት ታሪክ በሳሙኤል ጃክሰን ሲታደስም፥ እርሱ ያንኑ አሮጌ ስም ይዞ፥ ለታናናሾቹ ፊተኛውን ቦታ ለቅቆ ከጎናቸው ቆመ። ከሞተ በኋላ በ2024 የታየው “ቴልማ” የተባለው ፊልም ደግሞ የአረጋውያን ታሪክ ነው፤ በዚያም ቤን የሚባል ሽማግሌ ሆኖ በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ፥ በአንዲት አሮጊት ወዳጁ ምክንያት ከመጦሪያ ቤት ወጥቶ በከተማው ሲንከላወስ እናየዋለን። በሃያ ስምንት ዓመቱ ኒው ዮርክን በእግሩ ያቋረጠው ሰው የመጨረሻውን ጉዞ በዝግታ፥ በፈገግታና ያለ እፍረት ፈጸመ።

6. የተሰወረውን ደዌ መግለጽ

ስለ ተዋናዩ ክብር ስንናገር አንድ ነገር ማለፍ አይገባም። ራውንድትሪ በ1993 የጡት ካንሰር ተገኘበት። ይህ በሽታ ወንዶችንም እንደሚይዝ ብዙ ሰው አያውቅም፤ የሚያውቅም አፍሮ ይደብቀዋል። ሁለቱም ጡቶቹ በቀዶ ሕክምና ተወገዱ፤ ኬሞቴራፒም ወሰደ። ሥራ እንዳያጣ ለጊዜው ደብቆት ቆየ፤ በኋላ ግን በአደባባይ ተናገረ፤ ወንዶች እንዲመረመሩም መከረ። የወንድነት ምልክት ተደርጎ ለዓለም የቀረበ ሰው፥ “የሴት በሽታ” የሚባለውን በገዛ አካሉ ላይ መግለጹ፥ በማንኛውም ፊልም ከተጫወተው ጀግንነት ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሽታን በምሥጢር ይዞ መሞት እንደ ጨዋነት በሚቈጠርበት በእኛ ኅብረተሰብ፥ በስደትም ጭምር፥ ይህ ምሳሌ ሊነገር የሚገባው ነው።

መደምደሚያ

ሪቻርድ ራውንድትሪን በአንድ ፊልም የመዘኑትን ሰዎች ስንወቅስ፥ የራሳችንን ሚዛንም እንመርምር። ወጋየሁ ንጋቱን የምናስታውሰው “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በሬዲዮ ባነበበበት ድምፁ ብቻ አይደለምን? በመድረክ ላይ የደከመበትን ዘመን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ2020 ያረፈው ተስፋዬ ገሠሠ ተዋናይ፥ አዘጋጅ፥ ተውኔት ጸሐፊ፥ መምህርና የዑመር ኻያም ግጥሞች ተርጓሚ ነበር፤ ከእነዚህ ስንቱን በአንድ ላይ አድርገን አክብረንለታል? ከያንያን በሕይወት ሳሉ አንድ ምስል እንሰጣቸውና፥ ሲሞቱ ያንኑ ምስል በአበባ እንሸፍናለን።

ስለዚህ ይህ ጸሐፊ ሁለት ነገሮችን ያሳስባል። የመጀመሪያው፥ “ሻፍት በአፍሪካ” ሲሠራ የነበሩትን ኢትዮጵያውያን፥ ተዋንያኑን፥ አስተርጓሚዎቹን፥ ሾፌሮቹን፥ አልባሳት ያቀረቡትን፥ በሕዝብ ብዛት ሆነው የቆሙትን ሁሉ ትዝታ በሕይወት ካሉትና ከቤተሰቦቻቸው መሰብሰብ ነው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ወይም ልጆቻቸው በስደት ከተሞች በመካከላችን ሳይኖሩ አይቀሩም፤ የዩኒቨርሲቲ ሥልጠና ያለን ሰዎች ለዚህ ሥራ ከመቅረጸ ድምፅና ከትዕግሥት በቀር ሌላ አያስፈልገንም። ሁለተኛው፥ የውጭ ሰዎች ስለ እኛ የሠሩትን ሥዕል ስሕተቱን ብቻ እየቈጠርን ከማለፍ ተቈጥበን፥ በውስጡ የታየውን እውነት ለይቶ የማንበብ ልማድ ማዳበር ነው። ያን የማንበብ ጥበብ እኔን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ከወንበሩ አልነሣ ያለ አንድ ወጣት ነው።

ጎርደን ፓርክስ በሴንት ፖል ትራም ውስጥ ባደረበት ሌሊት፥ ከሚያያቸው ሰዎች አንዱን እንኳ ካሜራ እንደሚያነሣው አላወቀም ነበር። ኋላ ግን ያየውን አልረሳም፤ ለማንም መንገድ የማይለቅ አንድ ሰው ፈጠረ፤ ለዚያም ሰው ሥጋና ደም የሚሰጥ ተዋናይ አገኘ። ያ ተዋናይ ደግሞ ወደ አገራችን መጥቶ፥ ባሕር ሊሻገሩ ከሚጠባበቁ ድኾች ጋር ተሰለፈ። በፊልም ብቻ ነው፤ ሆኖም ተሰለፈ። ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነፍስ ይማር።